ካሽ፣ ካርድ ወይስ ስልክ? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ምን ይዞ መውጣት ይሻላል

ፒያሳ አካባቢ አንድ ደህና ሆቴል ምሳ በልታችሁ በካርድ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ወጥታችሁ ባጃጅ ስትይዙ ግን ያው ካርድ ምንም አያደርግላችሁም። ሰኞ ገበያ ወርዳችሁ በርበሬ ለምትሸጠዋ እታለም ካርዱን ብታሳዩአት ደግሞ ትስቅባችኋለች። ሦስቱም በአንድ ከሰዓት የሚያጋጥሙ ናቸው። ስለዚህ "ካሽ ይሻላል፣ ካርድ ይሻላል" የሚለው ክርክር እኛ አካባቢ ብዙ አያራምድም። ዋናው ነገር ምን ይዞ መውጣት እንዳለባችሁ ከቤት ሳትወጡ መወሰን ነው። ሂሳብ ሲመጣ ማሰብ ከጀመራችሁ ረፍዷል።

አንድ ነገር እናስቀድም። እዚህ "ካርድ" ስንል ኤቲኤም ካርድ ማለታችን ነው። ከራሳችሁ ሂሳብ ላይ ይቆርጣል እንጂ አያበድርም። በዚያ ላይ አብዛኛው ሰው ካርዱን የሚያውቀው ብር ለማውጣት ነው። የካሽ እውነተኛ ተፎካካሪ ካርድ ሳይሆን ስልክ ነው። በመመሪያው ውስጥ ሦስቱንም አብሬ የማነሳው ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ወጪያችሁን በተቀባዩ ለዩት

ብዙ ሰው በብሩ መጠን ይለያል። ትንሽ ከሆነ ካሽ፣ ብዙ ከሆነ ባንክ። ይሄ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደው። ወሳኙ ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ነው። ያ ሰው ብሩን በምን ያወጣዋል? ማታ ራሱ ዕቃ የሚገዛው በምንድን ነው?

የሰኞ ገበያዋን ሻጭ ውሰዱ። ከገጠር ማልዳ ተነስታ መጥታለች። የሸጠችበትን ብር መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ፣ እዚያው ገበያ ላይ ጨውና ዘይት ገዝታበት ነው የምትመለሰው። "እታለም፣ በቴሌብር ልላክልሽ?" ብትሏት "እሱን ልጄ ነው የሚያውቀው" ትላችኋለች። ልጇ ደግሞ አብሯት የለም። እሷ ጋ ካሽ ብቻ። ጉልት፣ ጀበና ቡና፣ ሊስትሮ፣ ሚኒባስም እንደዚሁ ናቸው። ሰደቃና ምጽዋት ሳይጠቀስ።

ባለሱቅ ሌላ ነው። ዕቃውን ከጅምላ ነጋዴ የሚያመጣው በባንክ እየከፈለ ስለሆነ በስልክ ብትልኩለት ቅር አይለውም። የቤት ኪራይ፣ ልብስ ቤት፣ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመብራት ሂሳብ፣ እነዚህ ሁሉ ወደ ስልክ ይሄዳሉ። ለቤት ኪራይማ ስልክ የግድ ነው ባይ ነኝ። አከራይና ተከራይ ሲጣሉ "አልከፈልክም" የሚለውን ነገር የሚዘጋው የባንኩ መዝገብ ነው።

ባጃጅ መሃል ላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ ማደያ ላይ ክፍያው በዲጂታል ሆኗል። ስለዚህ ባለባጃጁ፣ ማደያው ቤንዚን ካለው ማለቴ ነው፣ የሚቀዳው በስልኩ እየከፈለ ነው። ቴሌብሩ ውስጥ ብር ቢኖር ይጠቅመዋል። ለሁለት ሰፈር መንገድ ላይጥመው ይችላል። ኮንትራት ከያዛችሁ ግን ጠይቁት፣ ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ስትወርዱ ሳይሆን ሳትሳፈሩ ነው የሚጠየቀው።

ለካርድ የሚቀረው ሆቴል፣ ትልልቅ ሱፐርማርኬትና ፖስ ማሽን (በካርድ የሚከፈልበት ማሽን) ያላቸው አንዳንድ ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች ናቸው።

ደረጃ 2፦ ዝርዝር ያዙ

የዚህ ሁሉ መመሪያ ልቡ እዚህ ጋ ነው። በደሴ መንገድ ላይ ያለው ችግር የካሽ ማነስ አይደለም፣ የዝርዝር ማነስ ነው። ከፒያሳ ሸዋ በር ድረስ በባጃጅ መጥታችሁ ባለ 200 ስታወጡ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ሾፌሩ ብሩን አይቶ "ዝርዝር የለም?" ይላል። እናንተ ኪሳችሁን ትዳብሳላችሁ። ከኋላ ሌላ ባጃጅ ክላክስ ያደርጋል። ሾፌሩ ለጓደኛው በመስኮት ብሩን ያውለበልባል፣ እሱም የለውም። በመጨረሻ ወርዳችሁ ሱቅ ትገቡና የማትፈልጉትን ማስቲካ ትገዛላችሁ። አስር ብር ለመክፈል አስር ደቂቃ።

ከኖቶቻችን መሃል አንድ ክፍተት አለ። ከባለ 10 ቀጥሎ ያለው ባለ 50 ነው። ባለ 20 የለንም። ስለዚህ 30 ወይም 40 ብር ለመክፈል ሦስትና አራት ባለ 10 ያስፈልጋል። የዕለት ትራንስፖርት ደግሞ የሚወድቀው በአብዛኛው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ባለ 10 ቶሎ የሚያልቀውም ለዚህ ነው። ኤቲኤም ደግሞ ባለ 10 አይሰጣችሁም።

እንግዲህ ከየት ይምጣ?

ባንክ ገብታችሁ ስታወጡ ገንዘብ ከፋይዋን ጠይቋት። "የተወሰነውን በባለ 10 ታደርጊልኛለሽ?" ማለት ነውር የለውም። ካላት ትሰጣለች። ሁለተኛው መንገድ ሰፈር ሱቅ ነው፣ ግን ሰዓቱን ምረጡ። ጠዋት ሱቁ ገና ሲከፈት ድፍን ይዞ መሄድ ባለሱቁን ማስቀየም ነው። ማታ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ የሰበሰበው ዝርዝር አለው፣ ድፍን ብር ለራሱም ለቆጠራ ይቀለዋል። ዳቦ ቤትም እንዲሁ ነው፣ ሰው ዳቦ የሚገዛው በዝርዝር ነው።

ሦስተኛው መንገድ ዝርዝር ማምጣት ሳይሆን ዝርዝር አለማውጣት ነው። ሱቅ ውስጥ ስልክ የሚቀበሉ ከሆነ ሂሳቡ 87 ብር ቢሆን እንኳ 87ቱን ልክ አድርጋችሁ ላኩ። ባለ 10ዋን ለባጃጅ አቆዩአት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ዝርዝሩን ሁሉ ይጨርስና መንገድ ላይ ድፍን ይዞ ይቀራል። በስልክ የሚከፈል ቦታ ላይ በስልክ፣ በካሽ ብቻ የሚኬድበት ቦታ ላይ በካሽ።

ወደ ኮምቦልቻ ለምትመላለሱም አንድ ነገር ልበል። ድፍን ብር ብቻ ከያዛችሁ ሚኒባሱ ውስጥ ሳትገቡ ለረዳቱ ንገሩት። ከሌላው ተሳፋሪ የሰበሰበውን ለናንተ መልስ ያስቀምጥላችኋል። የሐረጎን ቁልቁለት እየወረዳችሁ ባለ 200 ብታወጡ ግን መልሱ "ስትወርዱ" ነው። ስትወርዱ ደግሞ ረዳቱ ሌላ ተሳፋሪ እየጠራ ነው።

የተቀደደና በፕላስተር የተለጠፈ ብር አትቀበሉ። ባጃጅም ገበያም ይመልስባችኋል። እጃችሁ ላይ ከገባ መንገድ ላይ ለማሳለፍ አትታገሉ፣ ባንክ ውሰዱት።

ብሩን ለያይታችሁ ያዙ። ባለ 5ና ባለ 10 የውጭ ኪስ፣ ባለ 100ና ባለ 200 የውስጥ ኪስ። ገበያ መሃል ሙሉ ጥቅል አውጥቶ መቁጠር ለሌባ አድራሻ መንገር ነው።

ደረጃ 3፦ ካሽ የምታወጡበትን ቀንና ቦታ ምረጡ

በተቻለ መጠን ከባንኩ ቅርንጫፍ ጋር የተያያዘ ኤቲኤም ተጠቀሙ፣ ያውም ቅርንጫፉ ክፍት በሆነበት ሰዓት። ማሽኑ ካርዱን ቢውጥ ወይም ቆርጦ ብር ባይሰጥ ገብታችሁ የምታናግሩት ሰው አለ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻውን የቆመ ማሽን ካርዳችሁን ቢይዝ ግን እስከ ጠዋት ያለ ካርድ ናችሁ። ቀኑ ቅዳሜ ከሆነ ደግሞ እስከ ሰኞ።

የሰኞ ገበያ ካለባችሁ ቅዳሜ ጠዋት አውጡ። ኮምቦልቻ ያላችሁ የፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ደመወዝ የገባበትን ምሽት ብትዘሉት ይሻላል። ሰልፉ ይረዝማል፣ ማሽኑም ብር ይጨርሳል። ኪራይ በዚያ ምሽት መከፈል ካለበት ከሂሳባችሁ ቀጥታ ላኩ፣ ካሽ ማውጣት አያስፈልግም።

ባንኮቹ ማሽኖቻቸውን እርስ በርስ በሚያገናኘው ኢትስዊች በኩል ስለተገናኙ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም ላይ ይሠራል። ግን በነፃ አይደለም፣ የአገልግሎት ክፍያ አለው። ትንሽ ትንሽ እየቆነጠሩ በሌላ ባንክ ማሽን ማውጣት ሳይታወቅ ብር ይበላል። የሦስት የአራት ቀን ወጪ አስባችሁ ከራሳችሁ ባንክ አንዴ ማውጣት ይረክሳል።

እናትና አባቶቻችንን በተመለከተ፦ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ "እማማ፣ ልርዳዎት?" የሚል ልጅ ክፋት ላይኖረው ይችላል። ቢሆንም የሚስጥር ቁጥር ለሱ አይነገርም። የማይመቻቸው ከሆነ ውስጥ ገብተው በደብተር ያውጡ። ወረፋ መጠበቅ ከመዘረፍ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ በካርድ ስትከፍሉ

ምግብ ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። "ፖስ ማሽን አላችሁ?" አንድ። "ዛሬ ይሠራል?" ሁለት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል።

አስተናጋጁ "ካርዱን ይስጡኝ፣ እዚያ ነው ማሽኑ" ካለ አብራችሁት ሂዱ። "ፒኑን ይንገሩኝ፣ እኔ አስገባዋለሁ" የሚልም ያጋጥማል። በቅንነት ነው የሚለው፣ ግን አይሆንም። እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ቁጥሩን በእጅ መሸፈን ሰውየውን ሌባ እንደማለት ይመስለናል። ሸፍኑት። አስተናጋጁም ካርድ ቢኖረው ይሸፍናል።

ቅደም ተከተሉ ይኸው። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 450 ለማለት 4500 መንካት አንዲት ዜሮ ናት። ከዚያ ካርዱን አስገቡ፣ የሚስጥር ቁጥራችሁን ንኩ፣ ወረቀቱ እስኪወጣ ካርዱን አትንቀሉ። ወረቀቱን ያዙና የስልክ መልእክቱን ጠብቁ።

ማሽኑ "አልተሳካም" ካለ ነው ብልጠት የሚያስፈልገው። አስተናጋጁ ወዲያው "ድገሙት" ይላል። አትድገሙ። መጀመሪያ ስልካችሁን እዩ። አንዳንዴ ማሽኑ አልተሳካም እያለ ከሂሳብ ላይ ተቆርጧል። መልእክት ካልመጣ ቀሪ ሂሳባችሁን በስልክ ፈትሹ። ካልተቆረጠ አንዴ ሞክሩ። ከተቆረጠ ግን ለኃላፊው አሳዩትና ወረቀቱን ያዙ፣ ደረጃ 8 ላይ እንመለስበታለን።

የሚስጥር ቁጥሩ ከጠፋባችሁ እየገመታችሁ አትሞክሩ። ከጥቂት ስህተት በኋላ ካርዱ ይቆለፋል።

ደረጃ 5፦ በስልክ ስትከፍሉ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። የባንኮቹ የራሳቸው ሞባይል ባንኪንግም አለ። ሁሉንም ስልክ ላይ መጫን አያስፈልግም። ደመወዝ የሚገባበት ባንክና አንድ የስልክ ዋሌት (እንደ ቴሌብር ያለ) ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ከመላካችሁ በፊት ስም አንብቡ። ቁጥሩን አስገብታችሁ የሚመጣውን ስም ጮክ ብላችሁ "እገሌ ነው አይደል?" በሉ። ባለሱቁ "አዎ፣ የሚስቴ ስም ነው" ሊል ይችላል፣ ችግር የለም። ዋናው እሱ ራሱ ማረጋገጡ ነው። ብር ለማያውቁት ሰው ከሄደ በኋላ ማስመለስ መንከራተት ነው።

ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ ስክሪንሾት ብር አይደለም። ገዢው ስልኩን ቢያሳያችሁም፣ መልእክት ቢያስነብባችሁም፣ የምታምኑት እናንተ ስልክ ላይ የገባውን ነው። እሱም ቢሆን መልእክቱ ላይ ብቻ አትቁሙ፣ ቀሪ ሂሳቡን ፈትሹ። መልእክት አስመስሎ መላክ ይቻላል፣ ቀሪ ሂሳብ ግን አይዋሽም። "ቸኩያለሁ፣ ይደርሳል" የሚለው ገዢ ትንሽ ይቀመጥ። ሻይ ጋብዙት።

"በስህተት ልኬልህ ነው፣ እባክህ መልስልኝ" የሚል ስልክ ሲደወልም እንዲሁ። ብሩ መግባቱን በራሳችሁ አረጋግጡ። ገብቶ ከሆነ "በባንኩ በኩል ይመለስልህ" በሉት። እውነተኛ ከሆነ አይቆጣም።

ቴሌብር ላይ እንደኪሴ የሚባል አገልግሎት አለ። ብር ሲያንሳችሁ የጎደለውን ሞልቶ ይከፍልላችኋል። ቸግሮ ሲጠቀሙበት ጥሩ ነው። ግን ብድር ነው፣ ክፍያ አለው። ካሽ ላይ ብሩ ሲያልቅ ኪሳችሁ ይነግራችኋል፣ ስልክ ግን ሲያልቅም ይከፍላል። እዚህ ከተማ ከወለድ ነፃ ሂሳብ የሚጠቀም ብዙ ሰው አለና አገልግሎቱን ከመክፈት በፊት ውሉን ማንበብ ይገባል።

ደረጃ 6፦ ኔትወርክ ለሚጠፋበት ቀን ተዘጋጁ

ይሄ ለእኛ የወሬ ጉዳይ አይደለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ። ሂሳቡ ውስጥ ብዙ ብር ያለው ሰውና ምንም የሌለው ሰው እኩል ሆኑ። ዱቄት የገዛው ቤቱ ካሽ ያለው ነው፣ ወይም ባለሱቅ የሚያምነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ነበር።

ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ችግር አይደሉም። ዳታ ብቻ ሲጠፋ መተግበሪያው ባይከፈትም ቁጥር በመደወል መክፈል ይቻላል። ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ *889#፣ ለሲቢኢ ብር (የንግድ ባንክ የስልክ ዋሌት) *847#፣ ለኤምፔሳ *733#። ኮከብና መሰላሉን አትርሱ። ዛሬ ኔትወርክ እያለ አንዴ ሞክሩትና ቀሪ ሂሳባችሁን እዩበት። በችግር ቀን ሜኑ መማር ከባድ ነው። ቁልፍ ብቻ ባለው ስልክም ይሠራል፣ ስለዚህ ለእናታችሁም አሳዩአት።

መስመሩ ሁሉ ሲጠፋ ግን ካሽ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የአንድ ሳምንት አስቤዛና ቤተሰቡን ወደ ዘመድ የሚያደርስ መሳፈሪያ ይኑር። በዝርዝር። መብራት በሌለበት ቀን ባለ 200 ማን ይዘረዝርላችኋል?

ከዚያ በላይ ግን ፍራሽ ስር አታከማቹ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 10፣ ባለ 50ና ባለ 100 ብር ሲቀየሩ፣ ባለ 200ም ሲጨመር፣ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ብራቸው ባንክ የነበረ ሰዎች ምንም አልሆኑም። ሣጥን ውስጥ የነበረ ግን ወረፋ ላይ ቆመ።

ደረጃ 7፦ ለቤተሰብ ስትልኩ በእነሱ በኩል አስቡት

በአቅራቢያችን ባሉት ኩታበር ወይም ሐይቅ ከተማ ላሉ ወላጆች ብር መላክ ለናንተ አንዴ መንካት ነው። ለእነሱ ግን ገና ወደ ካሽ የሚቀየር ነገር ነው። ብሩን ወደ ካሽ የሚቀይርላቸው ወኪል ሱቁ ውስጥ ያን ያህል ካሽ አለው? በገበያ ቀን ይኖረዋል፣ በሌላ ቀን ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ በገበያቸው ቀን ጠዋት ላኩ። ወኪሉ የሚወስደውን ኮሚሽን አስባችሁ ጨምሩ። "ወኪሉ ቀነሰብን" ብለው ሲናገሩ መስማት ደስ አይልም።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽ

ተቆርጦ ያልደረሰ፣ ሁለቴ የተቆረጠ፣ ማሽኑ ቆርጦ ያልሰጠው ብር፣ ሁሉም መፍትሔ አለው። ግን የሚጠይቁት ሁሌ አንድ ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ የግብይት ቁጥር፣ የማሽኑ ቦታ። ስለዚህ መልእክቱን አታጥፉ። የንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ ቴሌብር ከሆነ 127 ላይ መደወል ይቻላል። የካርድ ጉዳይ ከሆነ የምትሄዱት ማሽኑ ወዳለበት ባንክ ሳይሆን ካርዱን ወደሰጣችሁ ባንክ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይንከራተታል። ቅጽ ትሞላላችሁ፣ የቅጹን ቅጂ ወይም ቁጥር ተቀበሉ፣ "መቼ ልመለስ?" ብላችሁ የሰውየውን ስም ያዙ።

ካርዱ ራሱ ከጠፋ ወረፋ አትጠብቁ። ወዲያው ደውላችሁ አዘጉት። ሲም ካርዱም አብሮ ከጠፋ ሲሙን ጭምር አዘጉ፣ ዋሌቱ በሱ ላይ ነውና።

የፖስ ማሽን ወረቀት ደግሞ ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል። ኪስ ውስጥ ሁለት ሳምንት ከቆየ ባዶ ወረቀት ይዛችሁ ነው ባንክ የምትሄዱት። እንደተሰጣችሁ ፎቶ አንሱት።